አቶ ይመር ያረሙት ዜና

የአቶ ይመርን ሞት የሰማሁት በቀትር፣ ጣራ ላይ የእንግዶች አንሶላ ከገመድ እየሰበሰብኩ ሳለ ነው። መዲና ሰላሕ አድ-ዲን ከሚባለው ሰፈር የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «እትዬ ዘሃራ፣ ሰሐፊው አረፉ። ትናንት ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። እንዲያውቁት ብዬ ነው።» ይኸው ነው። በድምጿ ልቅሶ የለም፤ ወቀሳም የለም። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩና አንሶላውን ማጠፍ ቀጠልኩ። አራቱን አጥፌ አምስተኛውን እንደያዝኩ የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ቁጭ አልኩ።

እዚህ የመን፣ ኤደን ያሉ የሀገሬ ልጆች «ሰሐፊው» ነበር የሚሏቸው፤ በዐረብኛ ጋዜጠኛው ማለት ነው። መዲናም ከነዚያ ልጆች አንዷ ናት፤ የሷን ነገር ስደርስበት እነግራለሁ። እኔ አቶ ይመርን የማውቃቸው ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ወሎ ቆላ ውስጥ ባለች ትንሽ ወረዳ ነው። የወረዳው ምክር ቤት አባል፣ የካቢኔ አባል፣ የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። እኔ ደግሞ ዜና አንባቢያቸው ነበርኩ። ስለሳቸው ላውራ ብል ብዙ ደግ ነገር አለኝ። ግን ደጉን ብቻ አውርቼ ብተው ውሸት ይሆናል፤ ውሸቱም የኔ እንጂ የሳቸው አይሆንም።

ጽሕፈት ቤታችን ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበር። ከፊቱ ገበያው ነው። ገበያው መሐል ባለ ምሰሶ ላይ ሁለት የድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ሐሙስ ሐሙስ ገበያው ሲሞላ ከቢሯችን ሆነን የሳምንቱን ዜና እናነብ ነበር። ሬዲዮ የሌለው፣ ያለውም ባትሪ ያለቀበት ገበሬ የወረዳውን ወሬ የሚሰማው ከዚያ ምሰሶ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሳምንት የመጀመሪያ ዜናዬን ጽፌ አቀረብኩላቸው። «በዘንድሮው መኸር አንድ አርሶ አደር ከፍተኛ ምርት አገኙ» ይላል። አቶ ይመር መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወልወል አድርገው አነበቡና ቀና አሉ።

«አንድ አርሶ አደር ማነው?»

«ያው… አንድ ገበሬ ናቸው፣ ጋሼ።»

«እናቱ ናት አንድ አርሶ አደር ብላ ያወጣችለት?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። የሰውዬውን ስም እስከ አያቱ ይዤ እንድመጣ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሬ ላኩኝ። ስመለስ ጫማዬ ተበጥሶ፣ ፊቴ አቧራ ለብሶ ነበር። ስሙን ስነግራቸው ደጋግመው በአፋቸው አሉት፤ ልክ ቅመም እንደሚቀምስ ሰው። «አየሽ፣ አሁን ዜና ሆነ» አሉኝ። ሌላም ልማድ ነበራቸው። ዜናው ውስጥ የሰው ስም ሲመጣ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመው ያነባሉ። ገበያው አያያቸውም፤ ግድግዳ አለ መሐላችን። «የሰው ስም ተቀምጦ አይነበብም» ይሉ ነበር፤ እኔንም አስለመዱኝ።

ሹመትና ጋዜጠኝነት አንድ ሰው ላይ መውደቁ እንደማይመች ያውቁታል። «ካቢኔ ስገባ ጋዜጠኛውን ደጅ አስቀምጠዋለሁ» ይሉ ነበር፤ «ስወጣ ግን ይቆጣኛል።» አንድ ጊዜ ስለ ተቋረጠ የገጠር መንገድ ዘገባ ስንሠራ የካቢኔውን መልስ የሚሰጥ ኃላፊ ጠፋ። ሁሉም ስብሰባ ላይ ነኝ ይላል። አቶ ይመር ማይኩን ያዙና ራሳቸው ራሳቸውን ጠየቁ።

«የካቢኔ አባሉ አቶ ይመር፣ መንገዱ ለምን ቆመ?»

ከዚያ ድምፃቸውን ትንሽ ወፈር አድርገው መለሱ። «ስላልተከታተልነው ነው።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሽንኩርት የምትሸጠው እማማ ዘይነባ ድንኳኗ ውስጥ ሆና ስታጨበጭብ በመስኮት ይታየን ነበር። በወሩ መንገዱ ተጀመረ። እንዲህ ያሉ ሹም ነበሩ።

ክፉው ዘመን የመጣው በአንድ ወረቀት ነው። ከስደት ነፃ የሆነ ወረዳ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል ተባለ። በእኛ ወረዳ ያን ጊዜ ከየቀበሌው ልጆች በደላላ እየተመሩ ወደ ባሕሩ ይወርዱ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ የላይኛው ክፍል ግማሽ ወንበሩ ባዶ ነው። ካቢኔው ግን ተሰበሰበና ስደት ቆሟል ብሎ ሪፖርት አጸደቀ። እጅ ካወጡት አንዱ አቶ ይመር ናቸው። ለምን እንዳወጡ ጠይቄያቸው አላውቅም። ምናልባት ደከማቸው፤ ምናልባት ብቻቸውን መቅረቱን ፈሩ። ከስብሰባው ሲመለሱ ሦስት መስመር ጻፉና ወረቀቱን ወደኔ ገፉት።

«አንቺ አንብቢው» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ትልቅ ዜና ለኔ ሰጥተው አያውቁም።

አነበብኩት። «ወረዳችን ከሕገ ወጥ ስደት ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆነች» አልኩ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ስም ስላልነበረበት ተቀምጬ ነው ያነበብኩት።

ገና ማይኩን ሳላጠፋ እማማ ዘይነባ ሽንኩርቷን ጥላ ቢሯችን ደጃፍ ደረሰች። ልጇ መዲና ከሄደች አራት ወሯ ነበር። ያን ጊዜ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቲቱ አልጮኸችም። «ይመር» አለች፤ በዕድሜ ትበልጣቸዋለች። «ማንም ካልሄደ የኔ ልጅ የት ናት? እስቲ ከቤቴ ፈልግልኝ።»

አቶ ይመር ደብተር አውጥተው፣ ቆመው፣ «ስሟን እስከ አያቷ ንገሪኝ» አሏት።

«ስሟንማ ታውቀዋለህ። ስም ሲወጣላት አቂቃዋ ላይ በልተሃል!»

በዚያ ሳምንት ሦስት ቀበሌ በእግራችን ዞርን፤ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ደብተሩ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ በሙሉ የኔ ነው። ይህን የምናገረው ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ አቶ ይመር ማይኩን ራሳቸው ያዙ። «ባለፈው ሐሙስ በወረዳችን ስደት ቆሟል ተብሎ የተነገረው ዜና ስሕተት ነው» አሉ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። እጅ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ያነበበችው ልጅ የለችበትም። አሁን የሄዱትን ልጆች ስም እናነባለን።» ቆመው ማንበብ ጀመሩ።  በግ የሚጎትተው ቆመ፤ የሚመዝነው ሚዛኑን አወረደ። እናቶች የልጃቸው ስም ሲጠራ «አለሁ» እንደሚል ተማሪ እጃቸውን ያወጡ ነበር። መዲና አራተኛዋ ናት። ስሙ ሳያልቅ መብራት ተቋረጠ፤ ቆረጡት። አቶ ይመር ወደ ገበያው ወጡና በባዶ ድምፃቸው ጨረሱት።

ግምገማ ተጠራ። ከግምገማው በፊት በነበረው ቀን አስተዳዳሪው ቢሮአቸው አስጠርተው ሻይ አዘዙልኝ። «ልጅ ነሽ። የሚጠብቅሽ ብዙ ነገር አለ» አሉኝ። «የምታውቂውን ብቻ ተናገሪ።» ምን እንድል እንደሚፈልጉ አልነገሩኝም። ገብቶኝ ነበር።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ተነሣሁ። «አቶ ይመር ቢሮውን ለግል ዝናቸው ነው የሚጠቀሙበት» አልኩ። «ስሞቹን ከየት እንዳመጧቸው አላውቅም። ስለ ደብተሩም አላውቅም።» ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያን የእጅ ጽሑፍ ከአቶ ይመርና ከኔ በቀር የሚለየው ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። እሳቸውም ገልጠው «የማን ጽሑፍ ነው ይህ?» ቢሉ አበቃልኝ። እጃቸው ደብተሩ ላይ እንዳለ አዩኝ። ድምፄ መሐል ላይ ተሰንጥቆ ቆሞ ነበር።

«ልጅቷ ጉሮሮዋ ደርቋል» አሉ። «ውሃ ስጧት።»

ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁና ቀጠልኩ።

ግለ ሂስ ያውጡ ተባሉ። «ሂሴን ሐሙስ ገበያ ላይ አውጥቻለሁ፤ ሌላ የለኝም» ብለው ተቀመጡ። ከምክር ቤቱም ከቢሮውም ተነሡ። በወሩ እኔ ተወካይ ኃላፊ ሆንኩ። ወንበሩ ላይ ባለቤታቸው የሰፉላቸው ትራስ ቀርቶ ነበር። ቤታቸው ከቢሮው የሚታይ ነው፤ መላክ እችል ነበር። ዓመት ተኩል ተቀመጥኩበት። የምስክር ወረቀቱም መጣ፤ ዜናውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። እማማ ዘይነባ ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ሽንኩርቷን ይዛ የምትቀመጠው ለምሰሶው ጀርባዋን ሰጥታ ነበር።

ከዚያ አገባሁ። አባቴ የመናዊ ነው፤ ባለቤቴም የአባቴ ወገን ነው። ወደ ኤደን ወሰደኝ። ተዋሂ በሚባለው ሰፈር አጎቱ ዐም ሳሊም ትንሽ ሆቴል አላቸው፤ ከወደቡ ጀርባ፣ ዐሥራ አንድ ክፍል። ዐም ሳሊም በእንግሊዝ ጊዜ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ተዋሂን በእንግሊዞቹ ስም «ስቲመር» ነው የሚሏት። እንግዳ መቀበያው ላይ እኔን አስቀመጡኝ። ለባለቤቴ ቤተሰብ በሀገሬ የቢሮ ኃላፊ፣ ጋዜጠኛ ነበርኩ ብያቸዋለሁ። ዐም ሳሊም ለእንግዳ ሁሉ «ይህቺ የወንድሜ ልጅ ሚስት ሰሐፊያ ናት» እያሉ ይኩራሩብኝ ነበር።

አቶ ይመር የመጡት አንድ ረፋድ ላይ ነው። ከግምገማው አምስት ዓመት አልፎ ነበር። ፉጣ አገልድመው፣ የላስቲክ ጫማ አድርገው፣ የመነጽራቸው አንድ እግር በክር ታስሮ። ፀሐይ ፊታቸውን አክስሎታል። ከባሕሩ ዳር ጀምረው በእግራቸው እንደመጡ ከእግራቸው ይታወቃል። ሃምሳ አልፏቸዋል፤ ይህንን መንገድ የሚመጡት ልጅ የሚሆኗቸው ናቸው። በእጃቸው ደብተር ይዘዋል።

«ዘሃራ!» አሉ። ደስ ብሏቸው ነው። ፊታቸው ላይ ከደስታ በቀር ምንም አላየሁም፤ እስከ ዛሬ ያን ፊት አገላብጬ እፈልጋለሁ፣ ሌላ ነገር አላገኝበትም።

ዐም ሳሊም አጠገቤ ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ቀና ብለው አዩዋቸውና በዐረብኛ ጠየቁኝ። «ታውቂዋለሽ?»

በዚያ ሳምንት አስከሮች፣ የየመን ወታደሮች፣ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከየመንገዱ እየለቀሙ ነበር። ዐም ሳሊም ሆቴላችን አጠገብ ስደተኛ እንዳይቆም አዘው ነበር። ለራሴ ለብዙ ጊዜ ስነግረው የኖርኩት ምክንያት ይህ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። አቶ ይመር አንድ ወንበር ስበው ቢቀመጡ፣ አንድ ሻይ ቢጠጡ፣ ዐም ሳሊም ቢጠይቋቸው፣ «ኃላፊዋ ነበርኩ» ይላሉ። ከዚያስ? ወንበራቸው እንዴት የኔ እንደሆነ ይጠየቃል።

«ላ» አልኩ። አላውቀውም።

አቶ ይመር ልጅ ሳሉ ቁርአን የቀሩ ናቸው፤ ዐረብኛ ይሰማሉ። ፈገግታቸው ትንሽ ቆየና ከፊታቸው ላይ ሄደ። ለዐም ሳሊም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «መዓሊሽ፣ ይቅርታ፤ የማውቃት ሰው መስላኝ ነው» አሉ። ዞረው ወጡ። በመስታወቱ ሳያቸው ከመንገዱ ማዶ ጥላ ፈልገው ቆሙ፤ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉና ወደ ወደቡ ሄዱ። አልተከተልኳቸውም።

ለምን እንደመጡ ያወቅሁት ቆይቶ ነው፤ ያወቅሁትም ከመዲና ነው። ከሥራ ከተነሡ በኋላ አቶ ይመር ማሳቸውን ያርሱ ነበር። እማማ ዘይነባ በየጊዜው ትመጣለች። «ስሕተቱ የኔ ነው ብለህ ተናግረሃል» ትላቸዋለች። «ታዲያ አርመው።» አራት ዓመት እንዲህ አለቻቸው። በአምስተኛው ዓመት በሬያቸውን ለወንድማቸው ሰጥተው፣ ደብተሩን ይዘው፣ ልጆቹ በሄዱበት መንገድ ሄዱ። በልጆቹ ጀልባ ተሳፈሩ። ደላሎች ሰው በሚያግቱበት ሐውሽ፣ በታጠረ ግቢ ውስጥ እሳቸውም ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ታግተዋል፤ የሚደወልለት ዘመድ አጥተው፣ ሽማግሌም ሆነው ስላገኟቸው ለቀቋቸው።

መዲናን ያገኟት ስምንት ወር ከፈለጉ በኋላ ነው፤ ቡረይቃ ሰፈር ውስጥ የሰው ቤት ታጸዳ ነበር። ወደ ሰላሕ አድ-ዲን በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ አዩዋትና ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ ጠሩ። መዲና ስትነግረኝ፣ «ሙሉ ስሜን በሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ ነበር» አለችኝ። «ደላላ ‹አንቺ›፣ እመቤቴ ‹ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ›፣ አስከር ‹ሐበሺያ› ነው የሚሉኝ። ፈራሁ መጀመሪያ። ልሮጥ ነበር።» አልመለስም ብላ አስቀድማ ነገረቻቸው። ባዶ እጄን እናቴ ፊት አልቆምም አለች።

«ግድ የለም» አሏት። «አለች ብቻ ልበላት።»

ደወሉ። እማማ ዘይነባ ስልኩን የያዘችው ገበያ መሐል ነበር። እናትና ልጅ ስልኩ ላይ ተላቀሱ። አቶ ይመር ሥራቸው አልቆ ነበር፤ ያን ቀን ወደ ሀገራቸው መመለስ ይችሉ ነበር። ግን መዲና ስትደውል ያዩ ልጆች በማግስቱ መጡ። «የኔም እናት የሞትኩ መስሏታል» የሚል፣ «ወንድሜ ከኔ ጋር ተሳፍሮ ነበር፣ የት እንዳለ አላውቅም» የሚል። አቶ ይመርም እዚያው ቀሩ።

ሰላሕ አድ-ዲን ውስጥ ባለቤቱ ጀምሮ የተወው ጣራ የሌለው ቤት አለ፤ ልጆቹ ሸራ ወጥረውበት ይኖራሉ። አቶ ይመር እዚያ ሆኑ። ጠዋት ምግብ ቤት ሳህን ያጥባሉ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደብተራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ጁምዓ ጁምዓ ደግሞ በስልክ ዜና ያነባሉ። የድምፅ መልእክቱ ከስልክ ስልክ ይተላለፍና ወረዳችን ይደርሳል። የኔም እህት ላከችልኝ። «ያንቺ ኃላፊ አይደሉም እንዴ?» ብላ።

እውነትም እሳቸው ናቸው። የወረዳውን ገበያ ያስቆመ ያ ለስላሳ ድምፅ። «እንደምን ሰነበታችሁ፤ የጁምዓ ዜና ነው። እንድሪስ ሙሔ አሊ፣ እናቱ ፋጡማ፣ ደህና ነው። በዚህ ሳምንት ሲሚንቶ ሲሸከም ሰነበተ፤ ትከሻውን ትንሽ አሞታል፣ አይዟችሁ ይሻለዋል። ቶፊቅ ሰይድ ይማም፣ ቅዳሜ ወደ ሰዑዲ መንገድ ጀምሯል፤ እንዳይሄድ መክሬው አልሰማኝም፤ ዱዓ አድርጉለት።» የሞተም ይነግራሉ። ሁለት ያየ ሰው ካላገኙ ግን ሞት አይናገሩም። «ሞት በአንድ አፍ አይነገርም» ይላሉ። ተነሥተው እንደሚያነቡ ከትንፋሻቸው አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አንሶላ ማጠቢያው ክፍል በሩን ዘግቼ እሰማው ነበር። አንድም ቀን አላመለጠኝም። ተዋሂና ሰላሕ አድ-ዲን መሐል ያለው መንገድ በዳባብ፣ በሚኒባሱ ማለቴ ነው፣ አንድ ሰዓት አይሞላም። ዓመት ሙሉ በስልክ ሰማኋቸው እንጂ አንድ ቀን አልሄድኩም።

መዲና ሆቴሉ ድረስ የመጣችው ባለፈው ክረምት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብላ የምታይ ልጅ ናት። ማን እንደሆነች ነገረችኝ፤ ከላይ ያወራሁትንም ያን ቀን ነው ያወራችኝ። ከዚያ፣ «ሰሐፊው ልከውኝ ነው» አለች። «ደረታቸውን አሟቸዋል። ድምፃቸው እየሄደ ነው፤ ሦስት ስም ካነበቡ ሳሉ ይይዛቸዋል። ‹ተዋሂ ያለችው ዘሃራ ጁምዓ መጥታ ብታነብልኝ› ብለዋል።»

«ሌላስ ምን አሉ?»

«ሌላ ምንም። ‹ሥራ ካልበዛባት› ብለዋል።»

«ኢንሻአላህ» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት። ልጅቷን ወደ በሩ ስሸኛት አለቀስኩ እንኳ።

ጁምዓ ሲደርስ ለብሼ ወጣሁ። ለባለቤቴ ዘመድ ልጠይቅ ነው አልኩ። ዳባብ መቆሚያው ደረስኩ፤ ረዳቱ «ቡረይቃ! ሰላሕ አድ-ዲን!» ይጣራል። ገባሁና ተቀመጥኩ። መኪናው እስኪሞላ ጠበቅን። አሁን ሄጄ ምን እላቸዋለሁ እያልኩ ነበር። እዚያ ያሉት ልጆች ግማሹ የወረዳዬ ልጆች ናቸው። እናቶቻቸው ያንን ሐሙስ ሰምተዋል፤ የግምገማውንም ወሬ ሰምተዋል። በነሱ ፊት ቆሜ በየትኛው አፌ ስማቸውን አነባለሁ? አንድ ወንበር ሲቀር አንዲት ሴትዮ ሁለት ልጅ ይዛ መጣች። ከመቀመጫዬ ተነሣሁላትና ወረድኩ። ረዳቱ «አላህ ይስጥሽ» አለኝ። ደግ የሠራሁ መስሎት ነው።

የሚቀጥለው ጁምዓ እሄዳለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ዐም ሳሊም አመማቸው። በሦስተኛው ምክንያት አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ቤት ዋልኩ። በነዚያ ሦስት ጁምዓዎች ዜናው እየመጣ ነበር። አንድ ስም፣ ከዚያ ረጅም ሳል፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ስም። በሦስተኛው ላይ ያነበቡት አምስት ስም ብቻ ነው። በአራተኛው ሳምንት፣ አንሶላ ስሰበስብ፣ የመዲና መልእክት መጣልኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ዳባቡ ሲሞላ እንኳ አላስተዋልኩም።

ጣራ የሌለው ቤት ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ከቁርአን ያሲንን ይቀራል። መዲና በር ላይ ተቀበለችኝና ወደ ውስጥ አስገባችኝ። «እትዬ ዘሃራ ናቸው፤ ሰሐፊው የሚነግሩን» አለቻቸው። ልጆቹ በሙሉ ተነሡ። ቦታ ለቀቁልኝ፤ ያለችውን አንዲት ትራስ አመጡልኝ፤ ውሃ አቀረቡልኝ። አንዱ ልጅ አጠገቤ ጠጋ ብሎ፣ «ስለርስዎ ሁልጊዜ ይነግሩን ነበር» አለኝ። «‹እንደሷ የሰው ስም አጥርቶ የሚያነብ ሰው አላየሁም፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት› እያሉ። ጁምዓ ጁምዓ እንጠብቅዎ ነበር። እሳቸው እስከ ዐስር ይጠብቁና ‹ሥራ በዝቶባት ነው› ይሉና ራሳቸው ይጀምራሉ።»

እዚያ መቀመጥ አልቻልኩም። መዲናን በዓይኔ ጠራኋትና ግድግዳው ጀርባ ይዣት ወጣሁ። ፀሐዩ የሚያቃጥል ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ እናቷ ደጃፍ የቆመችበትን ሐሙስ፣ ደብተሩን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ግምገማው ላይ ያልኩትን፣ ሆቴሉ ላይ «ላ» ያልኩትን፣ ከዳባቡ የወረድኩበትን ጁምዓ።  ትሰድበኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ልንገራችሁ፣ እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር።

መዲና እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ታዲያ ለኔ ለምን ይነግሩኛል እትዬ?» አለች። በቁጣ አይደለም፤ የምሯን ግራ ገብቷት ነው። «እኔ ምን ላደርግዎ? እሳቸው እያሉ ነበር እንጂ።»

 ወደ በሩ ዞረች። «ዜናውን አሁን እኔ ነኝ የማነበው» አለች። «ፊደል እዚሁ አስቆጥረውኛል። የነገው ብዙ ነው፤ ልዘጋጅ።» ገባች።

ልሄድ ስነሣ ልጆቹ አንድ በአንድ ወጥተው ለሟች ዘመድ እንደሚሰለፉ ተሰለፉልኝ። ግምገማ ላይ የቆመችዋን ሴት በወሬ የሚያውቋት ቢኖሩም እኔ መሆኔን አላወቁም፤ መዲናም አልነገረቻቸውም። የሲሚንቶ አቧራ በያዘ እጃቸው እጄን እየያዙ፣ ትከሻዬን እየሳሙ፣ «አላህ ያጽናዎት» ይሉኛል። ዘመዳቸው አይደለሁም ማለት ይቻል ነበር። ሃያ ጊዜ ይቻል ነበር።

ለእያንዳንዳቸው «አሚን» አልኩ።